ሰረዝ ነው ያልኩት

ጋሼ «እነዚህን ካሴቶች አንድም ሳይቀር እንገለብጣቸዋለን» ባለ ማግስት፣ ከትምህርት ቤት እንደተመለስኩ ወንበር ላይ ወጥቼ አርባ ሦስቱንም ገለበጥኳቸው። አንድ በአንድ ከመደርደሪያው እያወጣሁ፣ ጀርባቸው ላይ የተለጠፈው ወረቀት ቁልቁል እንዲሆን አድርጌ መልሼ ደረደርኳቸው። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ሥራ ሲባል ሰምቼ ሳልታዘዝ ቀድሜ መሥራት ደስ ይለኝ ነበር።

እናቴ ከስፌት መኪናዋ ቀና ብላ፣ «ምን እየሠራሽ ነው?» አለችኝ።

«እየገለበጥኩ ነው።»

መጀመሪያ አልገባትም። ሲገባት እግሯን ከመርገጫው ላይ አንስታ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። መገልበጥ ማለት ካሴቱ ላይ ያለውን ፊልም ወደ ዲስክ መቅዳት እንደሆነ ያስረዳችኝ ከዚያ በኋላ ነው። ጋሼ ከሥራ ሲገባም ትከሻውን ይዛ ወደ መደርደሪያው አዞረችው።

«በል እይልኝ፤ ሥራህን ጨርሳልሃለች።»

ጋሼ መደርደሪያው ፊት ቆመ። አንገቱን ወደ ግራ ሰበር አደረገ፤ ከዚያ ወደ ቀኝ። ቆየ።

«የታለ? ምንም አልነካችውም እኮ» አለ።

እናቴ እንደገና ሳቀች፤ እኔም ሳቅሁ። ጋሼ ፊቱን ኮስተር አድርጎ መቀለድ ይችልበት ነበር። እኛ ስንስቅ እሱም ትንሽ ዘግየት ብሎ ሳቀ። ያን ቀን እየቀለደ እንዳልነበር የገባኝ ትልቅ ሰው ከሆንኩ በኋላ ነው።

ጋሼ የእናቴ ታላቅ ወንድም ነው። አባቴ ሁለት ዓመት ሳይሞላኝ ሲሞት ዕቃውን ጠቅልሎ መጣና የኋላውን ክፍል ያዘ። እናቴ «ለሁለት ሳምንት ብሎ የመጣ ሰው» እያለች ዓመት በመጣ ቁጥር ትቀልድበታለች። የሰፈሩ ሰው «ካሜራው» ይለዋል። ሠርጉን፣ ልደቱን፣ የተማሪ ምረቃውን የሚቀርጸው እሱ ነው። ከሰው ድግስ የተረፈ ካሴት ካለ ደግሞ እኛን ይቀርጽበታል። ስለዚህ የቤታችን ፊልሞች ሁሉ የሚጀምሩት የማናውቃቸው ሰዎች ሲጨፍሩ ነው። ከዚያ ድንገት ቆረጥ ይልና እኔ ባልዲ ውስጥ ተቀምጬ እታያለሁ፤ ወይም እናቴ «ተው እንጂ፣ ፀጉሬን አልተሠራሁም» እያለች ፊቷን በጨርቅ ትሸፍናለች።

በዚያ ዓመት ጋሼን ችኮላ ያዘው። ከቴሌቪዥኑ ሥር የሚቀመጥ፣ ከካሴት ወደ ዲስክ የሚቀዳ አዲስ ማሽን ይዞ መጣ። ካሴቶቹ መሻገት ጀምረዋል፣ የካሴት ማጫወቻም ከገበያ ሊጠፋ ነው አለ።

እናቴ መርፌዋን አፏ ላይ እንደያዘች፣ «ስንት ዓመት የተቀመጠ ካሴት ዛሬ ምን ነካው? ዝናቡ ይለፍና ቀስ ብለህ ትሠራዋለህ» አለችው።

«ዝናቡ ሳይገባ ነው መጨረስ የምፈልገው።»

«ካሴቱ የት ይሄድብሃል?»

«ካሴቱስ የትም አይሄድም» አለ።

ጋሼ እንደሚለው ዋናው ነገር ማሽኑ ሳይሆን ዲስኩ ነበር። አንዳንዱ ዲስክ ሁለት ዓመት ሳይሞላው ፊልሙን ይበላዋል፤ አንዳንዱ ደግሞ ልጅ ወልደሽ ለልጅሽ እስክታሳዪ ይቆያል። የእኛን ማሽን የሚስማማው ደግሞ አንድ ዓይነት ብቻ ነው። «ሳጥኑ ላይ ‹አር› የምትል የእንግሊዝኛ ፊደል አለች። ከሷ በፊት ሰረዝ ካለ የኛ ነው። የመደመር ምልክት ካለ ማሽኑ አይቀበለውም» አለኝ። ሰረዝና መደመር ለሦስተኛ ክፍል ተማሪ ምን ችግር አለው? አንባቢው እንድሆን ተሾምኩ። «የኔ ዓይን በሥራ ደክሟል፤ ያንቺ አዲስ ነው» ነበር ያለኝ።

ቅዳሜ ከሰዓት በፊት ነበር ዲስክ ፍለጋ የምንወጣው። ጋሼ በኔ በኩል ያለው በሯ ከውጭ ካልሆነ የማይከፈት ትንሽ መኪና ነበረችው። ፊት ወንበር ላይ ትራስ ያነጥፍልኝና፣ «ዛሬ ትራፊክ ነሽ» ይለኛል።

«መብራቱ ምን አለ?»

«ቀይ።»

«አሁንስ?»

«አረንጓዴ።»

«ከፊታችን ማን አለ?»

«የዳቦ መኪና። ሊቆም ነው።»

«መንገድ የሚያቋርጥ ሰውስ?»

«አንዲት ጃንጥላ የያዘች ሴትዮ።»

«አሳልፊያት እንግዲህ።»

እጄን በመስኮት አውጥቼ በትልቅ ሰው አኳኋን አሳልፋታለሁ። ሴትዮዋ ስቃ ታልፋለች። ጋሼ መኪናውን የሚነዳው ቀስ አድርጎ፣ የመንገዱን ጠርዝ ይዞ ነበር፤ ከኋላ ጥሩምባ ሲነፋብን «ይቸኩሉ፤ እኛ ጨዋታ ላይ ነን» ይለኛል። ከዚያ የበለጠ ክብር የተሰጠኝ ጊዜ አልነበረም።

አሁን እኔም መኪና እነዳለሁ። አንዳንዴ መብራት ላይ ቆሜ ሴት ልጄን በመስታወት ሳያት ያቺ ባለ ጃንጥላ ሴትዮ ትዝ ትለኛለች፤ መብራቱን ደግሜ አያለሁ።

ብዙ ሱቅ ዞርን። የምንመለሰው ግን ሁልጊዜ ወደ አንዱ ነው። ከመንገዱ ሁለት ደረጃ ወርዶ የሚገባበት ጠባብ ሱቅ ነበር፤ የርቀት መቆጣጠሪያ፣ ባትሪ፣ የተጠቀለለ ሽቦ፣ ሆዳቸው የተከፈተ ራዲዮኖች። ባለሱቋ ሸጣ ብቻ አታበቃም፣ ትጠግናለችም፤ ጠረጴዛዋ ላይ የሚቀልጥ የብየዳ እርሳስ ሽታ አይጠፋም፤ ፀጉሯን የምታስረው በቀይ የኤሌክትሪክ ሽቦ ነው። እኔ «እትዬ» እላታለሁ።

ጋሼ ዲስክ አመራረጥ ያስተማረኝ እዚያ ነው። «በመጀመሪያ ጠርዙን በጣትሽ ዙሪው። ሁለት ስስ ፕላስቲክ ነው የተጣበቀው፤ ማጣበቂያው ጫፍ ድረስ ካልደረሰ እርጥበት ይገባበታል። ሸካራ ነው?»

«ለስላሳ ነው።»

«ጥሩ። አሁን ሆዱን ወደ ብርሃን አዙሪው። ቀለሙ ወጥ ነው? ነጭ ነጥብ የለውም?»

እኔ ካየሁ በኋላ እሱም ይቀበለኛል። ዲስኩን ፊቱ አጠገብ ይይዝና ፊት ለፊት አያየውም፤ አንገቱን አዙሮ፣ እንደ ዶሮ፣ በጎን ነው የሚያየው። የባለሙያ አስተያየት እንደዚያ ነው ብዬ ያዝኩ። ትምህርት ቤትም ደብተሬን በጎን ማየት ጀመርኩ። አስተማሪዬ እናቴን አስጠርታ «ልጅሽን ዓይን ሐኪም አሳይያት» አለቻት። እናቴ አሳየችኝ። ሐኪሙ ምንም የለባትም አለ። የቤተሰቡን ዓይን ጣጣ በኔ በኩል ሊደርሱበት ትንሽ ነበር የቀራቸው።

ስለዚያች ሱቅ የሚገርመኝ ሌላ ነገር ነበር። ባለሱቋ እኔ አጠገባቸው ስሆን ጋሼን «እርስዎ» ትለዋለች። ፈንጠር ስል ደግሞ «አንተ» ስትለው እሰማለሁ። እናቴ ሰው ስትቆጣ ነው እንደዚያ የምትለዋወጠው፤ ስለዚህ ባለሱቋ በጋሼ የተናደደች መሰለኝ። ሁለት ቅዳሜ ሙሉ መጥቶ አንድም ነገር ባለመግዛቱ ነው ብዬ ፈረድኩላት። ዛሬ የጋሼ ሚስት ናት። ስለ ቁጣው ነግሬያት በሳቅ ሞታለች።

በሁለተኛው ቅዳሜ እኔ በር ላይ፣ ብርሃን ባለበት፣ ሁለት ዲስክ በሁለት እጄ ይዤ እያወዳደርኩ ነበር። እነሱ ከውስጥ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ያወራሉ።

«ምን አሉህ?» አለች ባለሱቋ።

«ያው ነው። መሀሉ ጠፍቷል። ዙሪያው ብቻ ነው የቀረው።»

«ሁለቱም?»

«ሁለቱም። ግራው ይብሳል።»

«አይመለስም አሉ?»

«አይመለስም።»

«ለእህትህ ነገርካት?»

«አልነገርኳትም።»

እጄ ላይ ያሉትን ዲስኮች አየሁ። እውነትም የሁለቱም መሀል ባዶ ነው፤ ጣት የሚያሳልፍ ቀዳዳ። ግን ዲስክ ሁሉ እንደዚያ ነው። ለእናቴ የሚነገር ምን አለው? አሳዘኑኝ። ገባሁና፣ «እትዬ፣ ሌላም ብታመጪ ያው ነው። ሁሉም መሀሉ ቀዳዳ ነው» አልኳት።

መጀመሪያ የሳቀው ጋሼ ነው፤ ጠረጴዛው ላይ ተደግፎ ሳቀ። ባለሱቋ ፊቷን ወደ ጥገናዋ አዙራ አፍንጫዋን ጠረገች።

«ጭሱ ነው» አለችኝ።

የሚጨስ ነገር ግን አልነበረም።

ነገሩ የተበላሸው በሦስተኛው ቅዳሜ ነው። ባለሱቋ አዲስ ዕቃ አስገብታ መስታወቱ ላይ ሁለት እሽግ ዲስክ አስቀምጣልናለች። ልታወራን ስትል ስልኳ ጮኸና ወደ ጓሮ ወጣች። አንደኛው እሽግ ግራጫ ነው፤ ጽሑፍ ብቻ፣ የመድኃኒት ሳጥን የመሰለ። ሌላኛው ላይ በቀቀን አለ። አረንጓዴ ክንፍ፣ ቀይ ደረት፣ ቢጫ ምንቃር፤ እሽጉን ዘንበል ስታደርገው ክንፉ የሚንቀሳቀስ ይመስላል። በሱ ላይ ደግሞ በግልጹ ፕላስቲክ ሲታዩ የዲስኮቹ ጀርባ እያንዳንዱ በየቀለሙ ነው። የአባቴ ፊልም፣ የኔ ባልዲ፣ የእናቴ ሳቅ በግራጫ ሳጥን ሲቀመጥ ታየኝና ከፋኝ።

ጋሼ በቀቀኑን አነሳልኝ። «ይሄኛውን አንብቢልኝ። ከአር በፊት ያለችው ምንድን ናት?»

አየሁ። መደመር ናት። ግራጫውን በዓይኔ ሰረቅ አደረግሁ። ሰረዝ።

«ሰረዝ ናት» አልኩ።

እሽጉን ወስዶ ወደ ፊቱ አስጠጋው። አንገቱን አዞረ። ጠበቅ አድርጎ ያዘውና ቀስ እያለ ወደ በሩ ብርሃን አንቀሳቀሰው።

«መደመር አይደለችም እንዴ?»

«አይደለችም ጋሼ። ሰረዝ ናት።»

«መሀሏን አቋርጦ የሚወርድ መስመር የላትም?»

«የላትም።»

አውራ ጣቱን ምልክቷ ላይ አሳረፈ። በጣት የምትነበብ ይመስል አሻት። ያኔ «ቆይ፣ ልድገመው» ብዬ ማረም እችል ነበር። እሱም የጠበቀኝ ይመስለኛል። አላረምኩም።

«እሺ፤ አንቺ ካልሽ» አለ።

ወደ ጓሮው «ወስደናል» ብሎ ተጣራ፤ ባለሱቋም ሳትወጣ «እሺ፣ ይቅናችሁ» አለች። መኪናው ውስጥ በቀቀኑን ጭኔ ላይ አስቀምጬ ትራፊክነቴን ቀጠልኩ። ጋሼ ግን የዚያን ቀን ብዙ አልጠየቀኝም። ሲነዳም ከወትሮው ይልቅ ይንቀራፈፍ ነበር።

ከምሳ በኋላ ጋሼ አንደኛውን ካሴት አስገባ፤ ዲስክም አስገባ። ማሽኑ አጉረመረመና ምላሱን አውጥቶ ዲስኩን መለሰው። ሌላ አስገባ። መለሰው። ሰማያዊውን፣ ብርቱካናማውን፣ ሮዙን ሞከረ። አምስተኛው ላይ እናቴ መቀሷን አስቀምጣ መጣች።

«ምን ሆነ?»

«አልቀበልም አለ።»

እሽጉን ከወለሉ ላይ አነሳች። አንዴ አይታ፣ «ይሄ መደመር ነው እኮ። ሳምንቱን ሙሉ ሰረዝ፣ ሰረዝ ስትል የከረምከው አንተ አይደለህ? ዓይንህን የት ጥለኸው ነው?» አለችው። ለማንም እንደምትለው ነው ያለችው፤ ክፋት አልነበረበትም።

«እሷ ናት ያነበበችው» እስኪል ጠበቅሁ። ጋሼ ፊቱን ወደኔ አዞረ፤ ዓይኑ ግን ጆሮዬ አካባቢ ነው ያረፈው።

«እኔ ነኝ የመረጥኩት» አለ።

ከዚያ እናቴን ተቀመጪ አላት፤ እኔን ደግሞ ውጪ ተጫወቺ። ወጥቼ መስኮቱ ሥር ተቀመጥኩ። ግድግዳው በፀሐይ ሞቆ ነበር፤ ጀርባዬን አስደግፌ ሰማሁ። ሁሉንም አልሰማሁም። «ዓይኔ ከድቶኛል» ሲል ሰማሁ። «ሐኪሞቹ» ሲል ሰማሁ። «ማንበብ ከተውኩ ቆየሁ፤ ካሜራውንም በልማድ ነው የምይዘው» አለ። ካሴቶቹን ሲገለብጥ አብሮ ሊያያቸው ፈልጎ እንደነበረ፣ ማየት የሚችለውን ያህል ሊያይ ፈልጎ እንደነበረ ነገራት። እናቴ አላለቀሰችም። የስፌት መኪናውም ድምፅ የለም።

«መኪናውስ?» አለች እናቴ።

ወንበር ተንቋቋ።

«ልጄን ይዘህ?»

ከዚያ ቁልፍ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ሰማሁ።

እኔ በዘጠኝ ዓመት ጭንቅላቴ የገባኝ እንዲህ ነው። ጋሼ የተሳሳተ ዲስክ ስለገዛ እናቴ መኪናውን ነጠቀችው። ይህ ቀላሉ ነው። ከባዱ ሌላው ነው። ጋሼ «ዓይኔ ከድቶኛል» አለ። ዓይኑ ግን አልከዳውም፤ መደመር ብሎ ነበር፤ መደመርም ነበረች። የከዳሁት እኔ ነኝ። እኔ ዓይኑን «ውሸትህን ነው» ስላልኩት ዓይኑ አኩርፎ ሊሄድ ነው። ይህን ማንም አልነገረኝም፤ ራሴ ደረስኩበት፤ ስለዚህ የሚያስተባብልልኝም ሰው አልነበረም።

በማግስቱ፣ ጋሼ ደውሎላት ኖሮ፣ ባለሱቋ ራሷ ግራጫዎቹን ዲስኮች ይዛ ቤታችን መጣች። እናቴ በር ላይ ስታገኛት ሁለቱም ትንሽ አፈሩ። ሻይ ቀረበ። ባለሱቋ ጋሼን እናቴ ፊት «አንተ» አለችው። እናቴ ብርጭቆዋን እንደያዘች አንዴ እሷን፣ አንዴ ወንድሟን አየች፤ ከዚያ «ስኳር ልጨምርልሽ?» አለቻት። በሚቀጥለው ዓመት ተጋቡ። መኪናዋ ከዚያ በፊት ተሸጠች።

ካሴቶቹን ለመቅዳት ሁለት ወር ፈጀብን። ከትምህርት ቤት ስመለስ ጋሼ ምንጣፉ ላይ ተቀምጦ ይጠብቀኛል። እናቴ እዚያው ትሰፋለች። ፊልሙ ሲጀምር ጋሼ፣ «እሺ፣ ምን ታያለሽ?» ይለኛል። ከዚያ በፊት ቢሆን ኖሮ እየፈተነኝ ይመስለኝ ነበር። አሁን ግን የበደሌን እየከፈልኩ ነበርና አንድ ነገር አልቀንስም፣ አልጨምርም። የመጋረጃውን ቀለም፣ የሰውየውን ቁልፍ ብዛት፣ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት ስንት እንደሚል ሳይቀር እናገራለሁ። አንዳንዴ «ይሄን ሁሉ እንኳን ተይው» ይለኝ ነበር። አልተውም።

አሥራ ሰባተኛው ካሴት ላይ የማላውቃቸው ሰዎች ጨፍረው ሲጨርሱ አንድ ሹራብ የለበሰ ሰው መጣ።

«ልጅ በብብቷ ይዟል» አልኩ። «እግሯን መታጠቢያ ሳህን ውስጥ ይነክራታል። ታወጣለች። እንደገና ይነክራታል።»

«ሰውየው ምን ይመስላል?»

«እጅጌውን ሰብስቧል። እየሳቀ ነው። አንዷ የላይ ጥርሱ የለችም።»

የእናቴ የስፌት መኪና ቆመ።

«አባትሽን ጃንጥላ ሲዘጋ መትቶት ነው» አለች ከኋላዬ። «የዚያን ሳምንት ነው የወለቀችው።»

ጋሼ ወደ ቴሌቪዥኑ ተጠግቶ አንገቱን አዞረ፤ በጎን፣ ልክ ዲስክ እንደሚያይ።

«አየሁት» አለ።

አይቶት እንደሆነ አላውቅም። እናቴ ግን መጥታ ከጎኑ ተቀመጠች። ያንን ካሴት ሦስት ጊዜ መለስነው።

የኔ ነገር ግን አልተፈታም። ጋሼ ከወር ወር ማየት እያቃተው ሲሄድ በልቤ እቆጥር ነበር፤ ዛሬ የሰዓቱን ቁጥር፣ ዛሬ የእናቴን ፊት። ዓይኔን ጨፍኜ ከትምህርት ቤት ወደ ቤት መሄድ ጀመርኩ፤ እኔ ከጨፈንኩ ለሱ የሚመለስለት መስሎኝ ነው። በአራተኛው ቀን ቦይ ውስጥ ገብቼ ጉልበቴ ተላጠ። እናቴ ቁስሌን ስታጥብ «ምን እያየሽ ነው የምትሄጂው?» አለችኝ።

የበሽታውን ስም የሰማሁት በአሥራ ሰባት ዓመቴ ነው፤ የነገረችኝ ባለሱቋ ናት። በዘር የሚመጣ፣ መሀል ዓይንን የሚያጠፋ፣ እኔ ዲስክ ማንበብ ከመጀመሬ ሁለት ዓመት ቀድሞ የጀመረው። ያን ቀን መሀሉ ጠፍቷል የተባለው የዲስክ ቀዳዳ እንዳልነበረ ሰምቼ አብረን ሳቅን። ስለ ሰረዟ ግን ትንፍሽ አላልኩም። ውሸት ሰው እንደማያሳውር አውቅ ነበር። ቢሆንም ጋሼ በዱላ መንገድ ሲሻገር ባየሁ ቁጥር ያቺ ሰረዝ ትመጣብኝ ነበር፤ ዕድሜዬም ትምህርቴም ለዚያ ነገር ምንም አልሠራለትም።

ባለፈው ዓመት ዲስኮቹን ወደ ኮምፒውተር ላሻግር ቤታቸው ሄድኩ። ግራጫዎቹ ሁሉም ሠሩ፤ ጋሼ የመረጠው ነገር አይበላሽም። ባለሱቋ ወደ ሱቅ ወርዳለች። እኔና ጋሼ በረንዳ ላይ ተቀምጠናል። ጋሼ ብርቱካን ይልጣል። ልጣጩን ሳይበጥስ፣ ዙሪያውን በቢላ እየዞረ፣ አንድ ረጅም ጥብጣብ አድርጎ ነው የሚያወርደው።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልንገርህ?»

«ንገሪኝ።»

«ያን ጊዜ፣ ማሽኑ አልቀበልም ያለው እሽግ። መደመር መሆኑን አይቼ ነበር። እያየሁ ነው ሰረዝ ነው ያልኩህ።»

ቢላዋ አልቆመም።

«አውቃለሁ» አለ።

«ማን ነገረህ?»

«ማን ይነግረኛል? አይቻታለሁ እኮ። በጎን ስይዛት መስመሯ ስትወርድ ታየችኝ። ጥርት ብላ ነው የታየችኝ።»

«ታዲያ ለምን ወሰድከው?»

ቢላዋን አንድ ዙር አዞረ።

«አንቺ የላትም አልሽ። እኔም ከራሴ ዓይን ይልቅ አንቺን አመንኩ። እቤት ማሽኑ መልሶ ሲተፋው ነው የደነገጥኩት። ዓይኔ ልክ ነበረ፤ እኔ ግን ልክ በሆነበት ቀን እንኳ አላመንኩትም። እንዲህ ሆኜ ነው አንቺን ፊት አስቀምጬ መብራቱ ምን አለ እያልኩ ከተማውን የማዞርሽ? ያ ሁሉ ቅዳሜ ባንድ ጊዜ መጣብኝ። ለእናትሽ የተናገርኩት ለዚያ ነው። ባትዋሺኝ ኖሮ በሚቀጥለው ቅዳሜም እነዳ ነበር።»

ከታች በመንገዱ ሰዎች እያወሩ አለፉ። እስኪርቁ ጠበቅሁ።

«እኔ ግን ያሳወርኩህ እኔ መስሎኝ ነበር» አልኩት።

ቢላዋ ቆመ። ልጣጩ ተበጠሰና ወደቀ።

«እስከ መቼ?»

«ብዙ ዓመት። ዓይኔን ጨፍኜ ሁሉ እሄድ ነበር።»

የሚስቅ መስሎኝ ነበር፤ አልሳቀም። ፊቱን ወደኔ አዞረ፣ እንደ ልማዱ ትንሽ በጎን።

«ለምን አልጠየቅሽኝም?»

«ፈራሁ።»

«እኔም መዋሸትሽን እያወቅሁ ዝም አልኩ። ልጅ ናት፣ ማግስቱን ትረሳዋለች ብዬ። አንዲት ቃል ብነግርሽ ያበቃ ነበር።» እጁን ዘረጋ፤ ክንዴን አገኘው፤ ከዚያ መዳፌን። ብርቱካኑን ከሁለት ከፍሎ ግማሹን ሰጠኝ። «ይቅር በይኝ» አለ።

ጋሼ ይቅር በይኝ ሲለኝ በዕድሜዬ ሰምቼ አላውቅም። ብርቱካኑን መብላት ጀመርኩ፤ እንባዬ ጉንጬ ላይ እንደወረደ እንዳይሰማ አፍንጫዬን ሳልስብ ነው የምበላው። እሱ ግን ያልተነገረውን መስማት ከለመደ ቆይቷል፤ ከኪሱ መሐረብ አውጥቶ ጉልበቴ ላይ አስቀመጠልኝ።

ደረጃው ላይ ኮቴ ተሰማ። ባለሱቋ የገዛችውን ዳቦ እንደያዘች በረንዳው በር ላይ ቆማ ሁለታችንንም አየችን።

«ምን እያወራችሁ ነው?»

«ስለ ሥራ ነው» አለ ጋሼ።

አላመነችውም። ዳቦውን አስቀምጣ ወንበር ሳበችና ከመሀላችን ተቀመጠች፤ ጋሼም የቀረችውን ብርቱካን ለሁለት ከፍሎ አካፈላት።